ከፈረስ የማይወድቁት መምህር

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት መምህር ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆኑ አጫጭር ልቦለዶች እየመረጡ ነበር። ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ደረታቸው ላይ የፈረሰኞች ማኅበር አርማ ያብለጨልጫል። ጭናቸው ላይ በተከመሩት ወረቀቶች ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያለ ርኅራኄ ይፈርዳሉ። ፍቅር ያለበት ተሰረዘ፤ «ገና ልጆች ናቸው።» ሰካራም አባት ያለበትም ተሰረዘ፤ «ወላጅ ይቀየመናል።» ጅብ አህያ የበላበት ብቻ አለፈ፤ «ይኼስ ምክር አለው።»

አንዱን ግን ደግመው አነበቡት። በበዓል ቀን፣ ሕዝብ ፊት፣ ከፈረሱ ስለወደቀ ጎልማሳ ነው። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና ሰረዙት።

«ምነው መምህር፣ ጥሩ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ጥሩማ ነው። ግን የአዊ ልጅ አያምነውም። እኛ አገር ሰው ከፈረስ አይወድቅም።»

የተሰረዙትን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ሲከቱ ያንን አጥፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ አስቀመጡት። እንጅባራ ስንደርስ ረዳቱ ደግፎ አወረዳቸው፤ ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም። ማየቴን አዩ።

«ከባጃጅ ወድቄ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።