በሲባጎ የተለካው ሸሚዝ

ልብስ ሰፊዋን ዓባይነሽን የቡሬ ሰው ያውቃታል። ስለ እሷ የጻፈ ሰው ግን አላየሁም። እኔም ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከሸመገልሁ በኋላ ነው፣ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት፣ ያውም ሁለት በጋ ብቻ። እንደው ዝም ብዬ ከምቀር ብዬ ነው። የሳትሁት ቢኖር ያነበበ ያርመው።

የምጽፈው በግራዬ ነው። ቀኝ እጄ ከክርኑ አይዘረጋም። በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ተሰበረ፣ ወጌሻ አሰረልኝ፣ እንደ ታጠፈ ቀረ። ከግራው አንድ ስንዝር ሊያጥር ምንም አይቀረው። ከእርሻ አላስቀረኝም፣ እርፍም እጨብጣለሁ፣ በርበሬም እለቅማለሁ። ያስቸገረኝ ሸሚዝ ነው። ሸሚዝ ሁለቱ እጅጌው እኩል ነው፤ የኔ እጅ እኩል አይደለም። ስለዚህ ሙቀትም ቢሆን ጋቢ ደርቤ ኖርሁ።

የታላቋ ልጄ የአምለሰት ሠርግ ቀን ከገበያ የገዛሁትን ሸሚዝ ለብሼ፣ ላዩን ጋቢ ደርቤ ዳሱ ውስጥ ቆምሁ። ሙሽራው ጉልበቴን ሲስም፣ ልመርቅ ብዬ ሁለት እጄን ሳነሣ ጋቢው ወረደ። እጅጌው ጣቶቼን ውጦ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠለጠለ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣

«አባታችን፣ ገና ያድጋሉ ተብሎ ነው እንዴ የተገዛልዎት?» አለ።

ዳሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላርግ። ምርቃቱን ግን ከመሀል ቆርጬ ተቀመጥሁ። ልጄ ምርቃቷ ሳይሞላ ሄደች። ይኸ ነገር አምስት ዓመት ከሆዴ አልወጣም።

አሁን ደግሞ የታናሿ የአደይ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ተቆረጠ። ጋቢ ቢወድቅ የማያሳፍረኝ አንድ ሸሚዝ አስፈለገኝ። ምርቃት ከመሀል ሁለተኛ አልቆርጥም ብዬ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ። ከኛ ቀበሌ እስከ አስፋልቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው፣ ከዚያ ወዲያ መኪና ከተገኘ ነው። ሰፊዎቹ ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎባቸዋል። ተስፋው የሚባል ወጣት ሰፊ በር ላይ ቆሜ ቆሜ መጨረሻ ላይ አየኝ።

«ምን ላርግልዎት አባቴ?»

«ሸሚዝ ነበር… በልክ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለኔው።»

«ኧረ አባቴ! ለአንድ ሸሚዝ ብዬ ክር ልቀይር? አሥር ሆነው ይምጡ።» ሰው እየሰማ ነው የሚያወራኝ። «ካሉም እሺ፣ ዋጋው ግን ይወደዳል» ብሎ የፍየል ዋጋ ጠራብኝ። «እስቲ ጋቢዎን ያውልቁና ልይዎት።»

«ሌላ ቀን» ብዬ ወጣሁ።

ሰልባጁንም አገላበጥሁ። አንዳንዱ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ የማን እንደነበረ ግን አይታወቅ፤ እጅጌውም የዘንካታ ሰው ነው። አዲሱ ደግሞ ይረክሳል፣ አንድ ክረምት ሳይለበስ ብብቱ ይተረተራል። ባዶ እጄን ተመለስሁ።

ባለቤቴ ባንቺአየሁ ወፍጮ ቤት ወሬ ሰምታ መጣች።

«ቡሬ ዓባይነሽ የምትባል ሰፊ አለች አሉ። ጨርቁን ራስህ ትወስዳለህ፣ የእጇን ዋጋ ብቻ ነው የምትቀበል፣ እሱም አይከብድም። የሰፋችው አይተረተርም አሉ።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት፣ ታዲያስ?»

«በሴት ልለካ?»

«ምን፣ ደረትህን ይዛብህ ልትሄድ ነው?»

እምቢ አልሁ። እሷም ተነፈሰችና ከበርበሬው ጆንያ አፍ ላይ ሲባጎ ፈታች። በኛ አገር በርም፣ አልጋም፣ የሩቅ ሰው ልብስም በሲባጎ ነው የሚለካ። ለአንገት አንድ ቋጠሮ፣ ለደረት ሁለት፣ ለቁመት ሦስት አሰረች። እጅጌው ላይ ስትደርስ፣ «እጅህን ዘርጋ» አለችኝ። ግራዬን ዘረጋሁ። ግራዬን ለክታ አራት ቋጠሮ አሰረች። ቀኙን አልነካችውም። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ስለዚያ እጅ ተነጋግረን አናውቅም። እሷ እንዳላፍር ብላ፣ እኔም አፍሬ፣ ሲባጎው ተጠቀለለ።

የዓባይነሽ ቤት ከበርበሬ ተራው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሴትዮዋ በዕድሜ ከኔ ብዙም አትርቅ። የስፌት መኪናዋ የእግር ነው፣ እግሯ ከመርገጥ ብዛት ቁርጭምጭሚቷ ድረስ አብጧል። ጨርቁንና ሲባጎውን በግራዬ ሰጠኋት፤ ቀኜ ጋቢው ውስጥ ነው። እጄን አየች፣ ከዚያ ሲባጎውን አየች።

«ማን ለካዎት ወንድምዓለም?»

«ባለቤቴ።»

«እጅጌውንም?»

«እጅጌውንም።»

ሌላ ሰው ነበር ቤት ውስጥ። እሷም ወደዚያ ሰው ዞር ብላ አየች። ጨርቁን ወስዳ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረችው። ደነገጥሁ።

«ምነው እታለም፣ አዲስ ነው እኮ!»

«አዲስ ስለሆነ ነው። ሳይነከር የተሰፋ የታጠበ ለት የልጅ ልብስ ይሆናል። እዚሁ ይሰብሰብ፣ ላይዎ ላይ ከሚሰበሰብ። በሁለት ሳምንት ይምጡ፣ ራስዎ ይምጡ ታዲያ፣ ሰው እንዳይልኩ።»

በሁለት ሳምንቱ መንገድ ተዘጋ። ዘንድሮ መንገድ ሲዘጋ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጥምቀት አለፈ። ሠርጉ እሑድ ሊሆን ረቡዕ ተከፈተ አሉ። ሐሙስ በዶሮ ጩኸት ወጣሁ፣ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ቆሜ ቡሬ ገባሁ።

ሁለት ሴቶች ቀሚስ ሊወስዱ ተቀምጠዋል። ዓባይነሽ ሸሚዙን አወረደችልኝ። ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ የቁልፍ ቀዳዳው ጥርት ብሎ የተከፈፈ። ጥግ ላይ ፊቴን አዙሬ በጋቢዬ ሥር ለበስሁት። አንገቱ ልክ ነው። የግራው እጅጌ ልክ ነው። ቀኙን ሳየው ግን በነጭ ክር ራቅ ራቅ ተደርጎ ተይዟል እንጂ አልተሰፋም። ጫፉም አልታጠፈም፣ ጣቶቼን አልፎ ወርዷል።

«ይኸኛው አላለቀም እኮ» አልሁ። ተቆጥቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

«አላለቀም። የርስዎን እጅ ሲጠብቅ ነው።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ፣ «እናንተ፣ እስቲ ውጡና የካውያውን ከሰል አራግቡልኝ» አለች።

«ሁለት ሰው ለአንድ ካውያ?» አለች አንዷ።

«አንዷ ታራግብ፣ አንዷ አይዞሽ ትበላት።»

እየሳቁ ወጡ። ዓባይነሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያን ለት ሲባጎውን በግራ ሰጡኝ። የኛ አገር ሰው ለሰው በግራው አይሰጥም። ባለጌ እንዳልሆኑ ደግሞ ካነጋገርዎ አወቅሁ። ቀኝዎ አንድ ነገር አለው አልሁ። ሲባጎው ላይ ያለ የአንድ እጅ ልክ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምነው ያኔ አልነገሩኝ?»

«ሰው ተቀምጦ? እኔ ምን ብዬ ልንገርዎት፤ የሚነግሩኝስ እርስዎ።»

ልሂድ ብዬ ነበር። እንዳለ ልውሰደውና ባንቺአየሁ ጫፉን ትጠፍልኝ ብዬ። ግን የአምለሰት ምርቃት ትዝ አለኝ። ጋቢዬን አወረድሁ።

በሜትር ከትከሻ እስከ ክርን ለካች፣ ከክርን እስከ አንጓ ደግሞ ለብቻ ለካች። «የታጠፈ እጅ ክርኑ ላይ ቦታ ይፈልጋል፣ አለዚያ ሲያነሡት ብብቱ ይይዝዎታል» አለች። እንደ ማንኛውም እጅ ያዘችው። ከወጌሻው ወዲህ ያን እጅ የያዘ ሰው እሷ ናት። ደስ አለኝ አልልም። ድካም ነው የተሰማኝ፣ የሩቅ ሸክም አውርዶ መቀመጫ እንዳጣ ሰው።

እሷ እየቆረጠች እየሰፋች አጫወተችኝ። አገሯ ወደ አዊ በኩል ነው፣ ቡሬ የመጣች በባሏ ነው። ሰፊው እሱ ነበር። ሲሞት መኪናውን ነጠላ አልብሳ እስከ ተዝካሩ አልነካችውም። ከተዝካሩ በኋላ ገዢ አገኘች። ልታስረክብ ነጠላውን ብትገልጥ፣ መርፌው ሥር ያላለቀ ሸሚዝ ተይዞ አገኘች። ባለቤቱ የገጠር ሰው ነው፣ ይመጣል ብላ፣ እየሰፋች እየፈታች በአሥር ቀን ጨረሰችው። ሰውዬው መጣ፣ ለበሰ፣ ሌላ ሰው ላከባት።

«እንዲህ ሆኜ ቀረሁ» አለችኝ። «ወድጄ አይደለም ወንድምዓለም። የተጀመረ ነገር ሳይጨረስ ስላየሁ ነው። አሁንማ ዓይኔም መርፌ አያሾልክ፣ እግሬም ይኸው ነው። ዛሬ ልተው፣ ነገ ልተው እላለሁ፤ አንድ ያላለቀ አይጠፋም።»

እጅጌውን ጨርሳ በካውያ ተጫነችው። የእጇን ከፈልሁ፣ ከነገረችኝ አልጨመረችብኝም። ሸሚዙን ስቀበላት ቀኜን ዘረጋሁ፣ እስከሚዘረጋበት።

እሑድ ሙሽራው መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። ሁለት እጄን አነሣሁ። ጋቢው ወረደ፣ አልያዝሁትም። ቀኙ እጅጌ አንጓዬ ላይ ቆመ፣ ክርኔም አልያዘኝም። ሚዜዎቹ አዩኝ፣ ዳሱም አየኝ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ አይጉደል፣ ጎረቤት አይክፋባችሁ ብዬ ቀጠልሁ። አምለሰት ከሴቶቹ መሀል ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። ያኔ የቆረጥሁባት ቦታ ላይ ስደርስ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ተናገርሁት። እሷም አሜን ስትል አየኋት።

እስከ መጨረሻው መረቅሁ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ተቀመጥሁ። ባንቺአየሁ ጋቢውን ከመሬት አንሥታ አራገፈችውና ትከሻዬ ላይ ሳይሆን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።