የእትዬ የሺሃረግ ድመት አልጾም አለች

እትዬ የሺሃረግ ቤት ሲያከራዩ መጀመሪያ የሚያነሡት የኪራዩን ነገር አይደለም። ለማስተማር ዲላ ተመድቤ መጥቼ በራቸውን ያንኳኳሁ ዕለት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «በጾም ሥጋ ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። እኔ ሬኮ የምትባል የገጠር ቀበሌ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁትም በፕሮቴስታንት ቤት ነው። እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ስሜን ጠየቁኝ። «ኤልቤቴል» ስላቸው፣ «ስሙስ የእግዜር ነው» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ሕጉ ከቁልፉ ጋር መጣ፦ በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን በግቢው ሥጋ አይጠበስም፣ ወተት አይፈላም፣ እንቁላል አይሰበርም። አንድ ጊዜ ረስቼ እንቁላል ጠበስኩና ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ መለሱልኝ።

ትውልዳቸው ደብረ ታቦር ነው። ከባለቤታቸው ከጋሼ ተክለብርሃን ጋር በሙሽርነት ዲላ ከገቡ አርባ ዓመት አልፏል። እትዬ የሺ የሚሠሩት መዝገብ ቤት ነበር፤ በሳቸው ዘመን አንድም ፋይል አልጠፋም ይባላል፣ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተውም ግቢውን እንደ መዝገብ ቤት ነው የሚያስተዳድሩት። ባልዲው ቦታ አለው፣ መጥረጊያው ቦታ አለው፣ ተከራዩም ቦታ አለው።

ሕግ የማይነካት ዳማ ብቻ ናት። ዳማ ድመት ናት። ጋሼ ተክሌ ከጪጩ ገበያ በኮታቸው ኪስ ይዘዋት የመጡ ጊዜ ከመዳፍ አትበልጥም ነበር አሉ፤ አሁን የቤተ ክርስቲያን ነጠላ ላይ ተጋድማ የምትተኛ እመቤት ሆናለች። እትዬ የሺ እኔን ጫማሽን አራግፊ ይሉኛል፤ ዳማ ግን በጭቃ እግሯ አልጋ ትወጣለች።

ጋሼ ተክሌ ባለፈው ነሐሴ ዐረፉ። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ያሉት እትዬ የሺና ዳማ ናቸው። የክፍሎቻችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ራት ሲበሉ ለድመቷ የቀኑን ወሬ ሁሉ ይነግሯታል። ማን እንደታመመ፣ ዘይት ስንት እንደገባ፣ ያቺ ተከራይ ዛሬም መብራት ሳታጠፋ እንደወጣች። ሆን ብዬ አላዳምጥም፤ ግን ጆሮዬን የት ልውሰደው?

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ቀን እትዬ የሺ ለዳማ እንጀራ በሽሮ ፈትፍተው አቀረቡላት። ዳማ አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ አፈር የምትመልስበት ይመስል በእግሯ ወለሉን ትጭር ጀመር።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «እትዬ የሺ፣ ድመት እኮ ሥጋ በል ናት። በሽሮ አትኖርም።»

«በነነዌ ከብቱም ጾሟል» አሉኝ።

«እሱ ሦስት ቀን ነው! ይሄ ሃምሳ አምስት ነው!»

«አንቺ ደግሞ! ጾም ዘንድሮ ጀመረች እንዴ? በየዓመቱ ትጾማለች። ጾማ ጾማ ለፋሲካ ወፍራ ነው የምትገኘው። በረከት ማለት ይሄ ነው።»

የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች ሁሉ ይህን ተአምር ያውቁታል፤ እሳቸው ነግረዋቸዋል። እንዲህ ረግጠው ሲናገሩ እኔም የተማርኩትን ተጠራጠርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ዳማ ጠፋች። እትዬ የሺ ጓሮ እንሰቱ መሀል እየገቡ ሦስት ቀን «ውሮ፣ ውሮ» ሲሉ ዋሉ። ዋናው መንገድ ድረስ ወጥተው የባጃጅ ነጂዎችን ጠየቁ። በሦስተኛው ቀን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ «እሷም ሄደች» አሉኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አየኋት። ከኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ካለው የባለሱቁ የፈይሰል በረንዳ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። አቅፌ አመጣኋት፤ ለምስጋናዋ ክንዴን ቧጨረችኝ፤ ሳይነጋም ተመልሳ ሄደች። እትዬ የሺ ሳመጣት አማትበው ነበር፤ ወደ ፈይሰል መመለሷን ሲሰሙ ተቆጡ። «ለሆዷ ብላ ነው የሸጠችኝ። ትቅር!»

ትቅር ይበሉ እንጂ አልቻሉም። ራት ሰዓት ላይ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ ሆነ። ወሬ የለም። ስለኔ ክፉ የሚወራበት ጊዜ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢል አንጠልጥለው በሬ ላይ ቆሙ። «ተነሺ፣ ወናጎ እንሄዳለን።»

«ምን ልናደርግ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳንባ ልንገዛ።»

እዚሁ ታች ካለው ሥጋ ቤት እኔ ገዝቼ ላምጣ ብላቸው ተቆጡ። ሰው እኔን ሥጋ ይዤ ሲያይ የሺ በጾም ለተከራዮቿ ፈቀደች ይላል፤ እሳቸውን ካየ ደግሞ አለቀላቸው። ወናጎ ግን የሚያውቃቸው የለም። በሚኒባስ ሄድን። ሥጋ ሻጩ ግማሽ ኪሎ ሳንባ በፌስታል ጠቅልሎ ሲሰጣቸው በሁለት ጣት ተቀብለው ዘንቢሉ ሥር ከተቱት።

ስንመለስ ጪጩ ላይ ሚኒባሱ ቆመና ወይዘሮ መነን ገቡ። የማኅበራቸው መሪ፣ ሙሴዋ ናቸው፤ ከሰው ሁሉ እትዬ የሺ የሚፈሩት እሳቸውን ነው። ካልጠፋ ቦታ አጠገባችን ተቀመጡ። ወዲያው ከዘንቢሉ አንድ ቀይ ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ሁለተኛዋም ተከተለች።

«የሺዬ፣ ምንድነው የያዝሽው?»

የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት እትዬ የሺ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። በጾም ሐሰት አይናገሩም፤ ሰውም አያስዋሹም። «ሳንባ ነው» አሉ።

«ለማን?»

«ለድመቴ።»

ወይዘሮ መነን ቀስ ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ይቺው የምትጾመው?» አሉ።

ዲላ እስክንደርስ እትዬ የሺ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳቄን ለማፈን በመስኮት ወደ ቡናው ማሳ አፈጠጥኩ።

ከሚኒባሱ ወርደን በቀጥታ ወደ ፈይሰል ሱቅ ሄድን። ዳማ በረንዳው ላይ ካለች አንዲት አሮጌ የመቀመጫ ዱካ ሥር ተኝታለች። ፈይሰል ስኳር እየመዘነ ነበር፤ እትዬ የሺ ፌስታሉን ሲያወጡ አየና ፊቱ በራ።

«እሰይ! ዘንድሮ እርስዎ ያመጡላት ጀመር?»

«ዘንድሮ ማለት?» አሉ እትዬ የሺ።

ፈይሰል ሚዛኑን ለቀቀ። «ወላሂ፣ ጋሼ ተክሌ አደራ ብለውኝ ነበር...»

«ምን ብሎ?»

አማራጭ አጣና ተናገረ። ጋሼ ተክሌ በየዓመቱ ጾም ሲገባ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልናፈስ ብለው ከቤት ይወጣሉ። ዳማ ከኋላ ትከተላቸዋለች። ሳንባ ገዝተው እዚህ ይመጣሉ፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጠው እየቆራረጡ ያበሏታል፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ይመለሳሉ። «‹ለየሺ እንዳትነግራት፤ ካወቀች የድመቷንም ጾም እኔ ላይ ትደርብብኛለች› ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ የማበላት እኔ ነኝ» አለ ፈይሰል።

እትዬ የሺ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «ስድስት ዓመት! እኔ እኮ ለማኅበሩ ሁሉ ድመቴ ትጾማለች ብያለሁ! እሱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ አዎ በረከት ነው ይል ነበር!» አሉና ሳቃቸው መጣ። መቼም እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ነው የሳቁት። እኔም ሳቅኩ፣ ፈይሰልም ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ አንተም የምታበላት ከሆነ፣ በልታ ለምን ቤቷ አትገባም?» ብለው ጠየቁት።

ፈይሰል ወደ ድመቷ አየ። «እኔም ይሄ ነገር ገርሞኛል። ትበላለች፤ ከዚያ ዱካዋ ሥር ትቀመጣለች። ሂጂ ብላት አትሄድም። ያን ጊዜ የምትነሣው ጋሼ ተክሌ ሲነሡ ነበር። እሳቸውን የምትጠብቅ መሰለኝ፣ እትዬ የሺ።»

እትዬ የሺ ዱካዋ ላይ ተቀመጡ፣ ቢላ ከፈይሰል ተቀበሉ፣ ሳንባውን በገዛ እጃቸው እየቆረጡ ለዳማ ይሰጧት ጀመር። ሁለት ጿሚዎች ግራና ቀኝ ሆነው አንዲት ድመት ስትበላ ተመለከቱ። ዳማ አልቸኮለችም። ስትጨርስ አፏን ላሰች፣ ፊቷን በእጇ ጠረገች፣ ተመልሳም ዱካዋ ሥር ገባች።

እትዬ የሺ እጃቸውን ታጥበው መጥተው ጎንበስ አሉ። «እሱ አይመጣም፣ ልጄ» አሏት። «እኔ ነኝ የመጣሁት። ተነሺ፣ ቤታችን እንግባ።»

ቀና ብለው ዳገቱን ጀመሩ፤ ወደኋላ ለማየት አልደፈሩም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ፣ «ኤልቤ፣ አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ዳማ እግራቸው ሥር ነበረች።