ስኮትላንዳዊው አይሞትም

የስኮትላንድ ሰው ሲናገር አይገባኝም። ይህን ለአባቴ ደፍሬ ነግሬያቸው አላውቅም። ከአዲስ አበባ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከላይብረሪ ዲቪዲ ተውሼ እመጣለሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። የሚወዱት የስኮትላንዱን ፊልም ብቻ ነበር። ጭጋጉ፣ ገደሉ፣ በመሬት የሚካካደው ዘመድ ሁሉ ይጥማቸዋል። ወንዶቹ የሚለብሱትን ቀሚስ ግን አልለመዱትም። «በዚህ ብርድ ጉልበቱን ገልጦ! እናት የለውም እንዴ?» ይሉ ነበር በየሳምንቱ።

«አሁን ምን አለ?» ሲሉኝ እፈጥራለሁ። ታክሲ እየነዳሁ የለመድኩት እንግሊዝኛ ለተሳፋሪ እንጂ ጎራዴ ለመዘዘ ሰው አይሆንም። የሚቸግረኝ መጨረሻው ነበር። ፊልም ላይ የስኮትላንድ ጀግና ካልሞተ አይሆንለትም። መጀመሪያ ሚስቱን ይገድሉበታል፣ ቀጥሎ የልብ ወዳጁ ይከዳዋል፣ በመጨረሻ አደባባይ አውጥተው አንገቱን ይቀሉታል። እህቴ የምታነባቸው ልብ ወለዶች ሌላ ናቸው። እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከተማ ተቀጥራ የምትጦራቸው አሮጊቶች ናቸው የሚሰጧት። ሽፋኑ ላይ ያው ባለቀሚስ ደረቱን ገልጦ ይቆማል፤ አባባ ሲመጡ ትገለብጠዋለች። ውስጡ ግን ማንም አይሞትም። ሰውዬው ይቆስላል፣ ይድናል፣ አግብቶ ግንቡን ይወርሳል።

አንድ ዓመት፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ አባቴ ልባቸውን ታክመው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ አዲስ አበባ ያሉት ታናሽ ወንድማቸው አረፉ። በየእሑዱ ስልክ የሚደዋወሉ ወንድማማቾች ነበሩ። እህቴና እኔ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተማከርን። እስኪጠነክሩ፣ ደግሞም ፋሲካ እስኪያልፍ ይቆይ ተባለ። ከዚያ በኋላ እንደ ወጉ ማለዳ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት መርዶው ይነገራቸዋል።

«አባባ ዛሬም ኮል አድርገውኝ ነበር» ትለኛለች እህቴ። «ወንድሜ ለምን አይደውልም አሉኝ። ኔትወርክ የለም አልኳቸው። አንተም እንደዚያው በል፣ እንዳትሳሳት።»

ከሆስፒታል በወጡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ያመጣሁት ፊልም መጨረሻው ላይ ደረሰ። ጀግናውን እጁን አስረው ወደ አደባባይ አወጡት። አባቴ ከሶፋው ቀና አሉ።

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

ገዳዩ መጥረቢያውን ሲያነሳ ሪሞቱን ተጫንኩት።

«ዲስኩ ተጭሯል» አልኳቸው። «ግን ያመልጣል አባባ፣ እኔ አይቼዋለሁ። ወዳጆቹ በፈረስ ይወስዱታል፣ ቁስሉን ያስሩለታል። በኋላም ያገባል።»

የእህቴን ልብ ወለድ ነበር የተረክሁላቸው። ጥቁሩን ቴሌቪዥን ትክ ብለው አዩት።

«ተመስገን» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ወንድሜስ?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው። ኔትወርኩ ነው እምቢ ያለው።»

አፈርኩ። አባቴን ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት በዚያ ዕድሜዬ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። እውነቱን ብናገር ልባቸው ቢቆምስ? ዝም ብልስ እስከ መቼ? የማደርገው ጠፋኝ። በቀጣዮቹ ቅዳሜዎችም ማንንም አልገደልኩም። አንዱን በጀልባ አሻገርኩት፣ አንዱን ገዳም አስገባሁት፣ አንዱን ንጉሡ ራሱ ማረው። በየሳምንቱ ዲስክ ይጫራል። አባቴ አንድም ጊዜ አልተከራከሩኝም። ቀስ በቀስ ስልክ ደውልልኝ ማለቱንም ተዉት። እፎይ ማለት ሲገባኝ ፈራሁ።

ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። በተከታዩ ቅዳሜ ማለዳ እህቴ ከአሌክሳንድሪያ፣ ዘመዶች ከሀያትስቪል፣ የንስሐ አባታቸውም ከቤተ ክርስቲያን መጥተው በሬ ላይ ተገናኙ። ሴቶቹ ከካፖርታቸው ሥር ጥቁር ለብሰዋል። አባቴን ልቀሰቅስ ስገባ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። የገባውን ሰው አንድ በአንድ አዩ። ማንም ደፍሮ እንደምን አደሩ አላላቸውም።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አባታችን፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ...»

አባቴ እጃቸውን አነሱ።

«ይቆዩኝ አባ። እሱ ይንገረኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ንገረኝ ልጄ። አንተ ስትነግረኝ ማንም አይሞትም።»

እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ፈረሱንም፣ ጀልባውንም፣ ገዳሙንም ፈለግሁ፤ አንዱም አልመጣልኝ። አባቴ እንደ ቅዳሜው ሁሉ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቁኛል።