በፎርፌ የበላነው ዋንጫ

የክልላችን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ታሪክ ዘንድሮ በትልቅ ባነር ተጽፎ አሶሳ ሜዳ መግቢያ ላይ ተሰቀለ። ማንቡክ ባምባሲን በፍጹም ቅጣት ምት የጣለበት ዓመት አለ፤ በዝናብ የተቋረጠው ፍጻሜ እንኳን አልተረሳም። ወረድ ሲሉ አንዲት መስመር አለች፦ «የድባጤ ቡድን ባለመቅረቡ አሶሳ በፎርፌ አልፎ ዋንጫውን አነሳ።» ያን ጊዜ የአሶሳ አምበል እኔ ነበርኩ። ያቺን መስመር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ባለመቅረቡ! እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ እንቅልፍ እንደጣለው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከእንግዳ አቀባበላችን ልጀምር። ድሮ ሆቴል የሚያሳድር በጀት ስላልነበረ፣ አባይን ተሻግሮ ከመተከል የሚመጣ ተጫዋች በየሰዉ ቤት ይመደብ ነበር። ያሳደረው ቤት ያበላዋል፣ ማሊያውን ያጥብለታል፣ ሜዳ ላይም ለእሱ ይጮኻል፤ የገዛ ልጁ በተቃራኒ ቡድን ቢሰለፍ እንኳን። ይህን ማንም ደንብ ብሎ አላወጣውም፣ የጣሰም አላየሁም። ውድድሩ ሲያልቅ እንግዳው ማሊያውን እዚያው ቤት ትቶ ይሄዳል። ሌላ የሚለብስበት ውድድር የለውማ። ከርሞ ሲመለስ ታጥቦና ተጣጥፎ ይጠብቀዋል። ማሊያው ያለበት ቤት ሌላ እንግዳ አይቀበልም።

እኛ ቤት የሚያድረው የድባጤው ተከላካይ፣ አራት ቁጥሩ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ማዕድ ላይ ግን የማያፍር። የእናቴ ቋንቋ በርታ ነው፣ የእሱ ሌላ፤ የሚገናኙት በአማርኛ ነበር። እሷም ታበላሸዋለች፣ እሱም ያበላሸዋል፣ ሲግባቡ ግን ጉድ ያሰኛል። እኔ መምህሩ ላርማቸው ስሞክር ሁለቱም ዞር በል ይሉኝ ነበር። አንድ ዓመት ከማዕዘን የተሻማ ኳስ በግንባሩ ገጭቶ ከውድድሩ አስወጣን። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የተሰማኝ የእናቴ እልልታ ነው። ቤት ገብቼ ባኮርፍ፣ እሱም እንዲሰማ በአማርኛ፣ «አንተ ሁልጊዜ እዚህ አለ፤ እሱ እንግዳ ነው» አለችኝ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ማንጎውን ይግጣል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። መተከል ውስጥ ሰው በቤቱ ተገደለ፣ መንደር ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ። የድባጤ ልጆች ስልክ አይሠራም። ኮሚቴው ይህን ያውቃል፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ግን መርሃ ግብሩ ወጥቷል፣ ዳስ ተጥሏል፣ የክብር እንግዶች ተጠርተዋል። ውድድሩ ይተላለፍ ብዬ ለመንኩ። «ደንብ ደንብ ነው፣ አምበል» አሉኝ።

ተሰለፍን። ከፊታችን ማንም የለም። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል፤ እኛም እግራችንን እናፍታታለን፣ ከማን ጋር እንደምንጫወት እንጃ። እናቴ እንደ ልማዷ ከእንግዶቹ ጎል ጀርባ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ፌስታል ይዛለች፣ ፌስታሉ ውስጥ የአራት ቁጥር ማሊያ። ፊሽካው ሲነፋ ሦስት ለዜሮ ተባለ፣ ሰውም አጨበጨበ። ያን ጭብጨባ እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። እናቴ ተነስታ ወደ ዳሱ ሄደችና፣ «ወላሂ፣ እናንተ አላሸነፈም። ልጆቹ ይመጣል» አለቻቸው። ሳቁባት። እኛም አንድ ጨዋታ ጨምረን ዋንጫውን በላን። ፎቶው ላይ መሀል ላይ የቆምኩት ኮስታራ እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ድባጤ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚመጣ ተሰማ። እናቴ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ ማሊያውን እንደገና አጠበች። ተጫዋቾቹ ግን «ለደህንነታቸው» ተብሎ የኮሌጅ ዶርም ውስጥ እንዲያድሩ ተደረገ። ሄጄ አሠልጣኛቸውን ስለ አራት ቁጥር ጠየቅሁት። ጠና ያለ ሰው ነው፤ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«እሱማ የለም፣ መምህር። ከአባቱ ጋር ነው የገደሉት፤ ደጃፋቸው ላይ። ለዋንጫው ልንነሳ በነበረበት ሳምንት።»

ከዚያ በቀጥታ ኮሚቴው ቢሮ ሄድኩ። ሌላ ነገር አልፈለግሁም፤ ያቺ መስመር እንድትስተካከል ብቻ። «ቀሩ አትበሉ፤ መምጣት አልቻሉም በሉ፤ ልጁ ሞቷል» አልኳቸው። ኃላፊው ትሁት ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ግን ይህ የእግር ኳስ ታሪክ ነው። ስፖርትና ፖለቲካ ባይቀላቀሉ ይሻላል» አለኝ። የአንድ ተከላካይ ሞት ፖለቲካ መሆኑን ያን ዕለት ተማርኩ።

ለእናቴ የነገርኳት ጨዋታው ዕለት ጠዋት ነው። አላለቀሰችም። ማሊያውን አጣጥፋ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና፣ «እንሂድ» አለችኝ በቋንቋችን።

ሜዳው ሞልቷል። ከጨዋታው በፊት የዋንጫው ታሪክ በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ «ባለመቅረቡ» የሚለው ሲደርስ አንባቢው ድምፁን እንኳን ዝቅ አላደረገም። የድባጤ ልጆች ተሰልፈው ይሰማሉ። እናቴ ተነሳች። ወደ ዳሱ ትሄዳለች ብዬ ስከተላት፣ መስመሩን አልፋ ሜዳ ውስጥ ገባች። ዳኛው ሊያስቆማት እጁን ዘረጋ፤ አላየችውም። አራት ቁጥር የለበሰው ጎረምሳ ፊት ቆመች።

«የት ነው ያደርከው?»

«ዶርም።»

«ማሊያህ ማን አጠበ?»

ልጁ ግራ ገብቶት ጓደኞቹን አየ። «እኔው ራሴ ነኝ፣ እናቴ።»

ጠዋት ያላለቀሰች ሴት፣ እዚያ ሜዳ መሀል፣ ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዳሱ አንድ ሰው በማጉያው «እባካችሁ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» አለ።