የረቡዕ ጠዋት አንባቢ

የፊንላንዷ ኮትካ ከተማ ሹማምንት ፍቅርን እንኳ በፕሮግራም መድበውታል፤ ረቡዕ ጠዋት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምንጣፍ ላይ፣ ጫማ ተወልቆ። በሌላ ቀን ያማረው ቀጠሮ ይያዝ። የንባብ ሰዓቱን የምታስተናግደው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሄልቪ ለሕፃናት የሚያነብ በጎ ፈቃደኛ ብዙ አይታለች፤ እንደዚህ ሽማግሌ ያለ ደረቅ ግን አላጋጠማትም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሕፃናቱ መካከል እንደ ምሰሶ ይተከላል። እናት ድብ ግልገሏን አቅፋ «እወድሃለሁ» የምትልበት ገጽ ላይ ሲደርስ፣ ስለ ባሕር ማዕበል እንደሚያስጠነቅቅ የራዲዮ ሰው ያነበንበዋል።

«አባባ፣ ድቧ ተቆጥታ ነው እንዴ?» አለችው ከሕፃናቱ አንዷ ሲሩ፣ ካልሲዋን እየጎተተች።

«አልተቆጣችም። አልለመደችም።»

«እንግዲያው እንደገና ትበል።»

ደገመው። ጆሮው እስኪቀላ ደጋገመው። ሕፃናቱ ሳቁበት፤ ሄልቪም ከጠረጴዛዋ ጀርባ አብራ ሳቀች።

ልጆቹ ሲበተኑ የሥዕል መጽሐፉን ይዞ ወደ እሷ መጣ። «ይህን ልዋሰው።»

«ይውሰዱት። ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለችው፣ ሳቁ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ።

«አርባ ሦስት ሞላት» አለ። «ስልኩን ካነሳችልኝ አነብላታለሁ።»