ሃያት ያጣደፈችው ሥራ

ሙባረክና ሚስቱ ሃያት፣ ጊንጆ ሰፈር ያለችው ሻይ ቤቴ ላፕቶፓቸውን ይዘው የማይመጡበት ቀን የለም። ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ጽሑፉን የሚያሳምርበት ድረ ገጽ አላቸው፤ ፊደል ማድመቅ፣ ርዕስ መሃል ማድረግ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ባለፈው ሰሞን እሱን አፍርሰው እንደ አዲስ ሊሠሩት ሲያቅዱ ተጣሉላችሁ።

ሙባረክ ጠራኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይፍረዱ። እኔ ዓመትም ይፍጅ፣ ደህና አድርገን እንሥራው እላለሁ። እሷ በሰባት ወር ካላለቀ ብላ ሰንጠረዥ ይቅር፣ ሥዕል ማስገቢያ ይቅር ትላለች። ምን ሊቀረን ነው ዋላሂ!»

እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ? ግን ሽማግሌ ከተባልኩ ብዬ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ መሃላቸው ተቀመጥኩ።

«ሃያትዬ፣ ምን አጣደፈሽ?»

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ደንበኛ አስቸገረሽ?»

«አይ ጋሼ።»

ሻይዋን አልነካችውም። ትኩስ ልቀይርልሽ ብዬ ብርጭቆውን ሳነሳ አፍንጫዋን ያዘች።

«ቅርንፉዱ ሸተተኝ ጋሼ፣ ይቅርታ።»

ከተማው የሚያመሰግነው ሻዬ እንዲህ ሲባል፣ እውነቴን ነው፣ ቅር አለኝ። ሙባረክም ተናደደ። «አሁን ደግሞ ከሻዩ ጋር ተጣላሽ? የሰባት ወሩን ምክንያት ንገሪን እንጂ!»

ሃያት መሬት መሬቱን እያየች፣ «ከሰባት ወር በኋላ አራስ ነኛ» አለች።

ሙባረክ የተቀመጠችበትን ዱካ አየና፣ «ጋሼ» አለኝ፣ «መደገፊያ ያለው ወንበር የለዎትም?»