ቴሌቪዥኑን ለጎረቤት የሰጠ ሰው

ታናሽ እህቴን «እገድላታለሁ» ያለውን ሰው ለፖሊስ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ጥፋቷ «አላገባህም» ማለቷ ነው እንግዲህ! ፌርፋክስ፣ አሜሪካ ያለነው አበሾች በምንሰበሰብበት ጎዳና ላይ ከምትሠራበት ሬስቶራንት ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ ሲጠብቃት ይውላል። መርማሪው ሰምቶኝ ሲያበቃ «እስካሁን አልነካትም፤ ካልነካት ማሰር አልችልም» አለኝ። ከነካት በኋላማ ምን ይሠራልኛል? ደሜ ፈላ። ቢሆንም «ጠባዩ ከተለወጠ ደውዪልኝ» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ።

ወሬው ተሰማና «የአበሻን ገመና ለፈረንጅ ፖሊስ?» ተብዬ ተወቀስኩ። ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ ሽማግሌ ኮሪያታውን ሰፈር ካለው አፓርትመንቱ ድረስ ሄደው ሰውየውን መከሩት፣ አስማሉት። በሳምንቱ ፊታቸው በርቶ ቤቴ መጡ።

«ልጄ፣ ተመስገን ነው፤ ልቡ ተመለሰ። አልቅሶ አስለቀሰኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ጆቡንም ኩዊት አደረገ። ቴሌቪዥኑን ለጎረቤት፣ ካፖርቱን ለእኔ ሰጠ። ዓለም በቃኝ ያለ መነኩሴ ነው የመሰለኝ። ነገ ከሥራ ስትወጣ ይዤው እመጣና ይቅርታ ይጠይቃታል።»

እኔም አመንኩ። እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ነገሩ በእርቅ አለቀ ልለው ለመርማሪው ደወልኩ። ቴሌቪዥኑ ጋ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ሥራም ለቋል?»

«አዎ።»

«ዕቃውንም እያደለ ነው?»

«ተጸጽቶ እኮ ነው።»

«ለነገ ምንም ያላስቀረ ሰው ያስፈራኛል» አለኝ። «ዛሬውኑ ከዚያ አውጪያት።»

«እሱን ያዙልኛ!» ብዬ ጮህኩ።

«በምን ወንጀል? ቴሌቪዥን መስጠት አያሳስርም።» እሱም እንደኔው ጨንቆት ነበር፤ ጭንቀቱ ግን አልጠቀመኝም።

ሽማግሌው ቤት ሮጥኩ። «በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ነገ አያምጡት!»

«በእግዜር ስም የማለውን ሰው? እርቅ አታፍርሺ፣ አንቺ ልጅ» ብለው ተቀየሙኝ።

ሬስቶራንቱ ስደርስ መኪናው በቦታው አልነበረም። አለመኖሩ ይበልጥ አስደነገጠኝ። እህቴን ከነሽርጧ በጓሮ በር አውጥቼ አውቶቡስ ጣቢያ ወሰድኳት፤ ማንንም ወደማታውቅበት ከተማ ትኬት ቆረጥኩላት። የት እንደምትሄድ ለሽማግሌው እንኳ አልነገርኩም።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን እሱ አይሄድም?»

ሾፌሩ «ግቢ» አላት።